የአያቴን ቤት ጣውላ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ላልብሰው ወይ ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላየ ሰው በአጭሩ ልድገመውና ልግባ፦ እዚ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው የአያትሽ ቤት ሲታደስ ከኮርኒሱ የወረደ አሮጌ ጣውላና ሁለት ጥንድ የመስኮት መዝጊያ ደርሶሻል፣ ለግድግዳው ስለማይበቃ ፓሌት (እቃ ሚጫንበት የጣውላ መደብ) ገዝተሽ ልትጨምሪበት ነው፣ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤትሽ ሳሎን ውስጥ ከመጅሊሱ ጀርባ ያለውን 4 ሜትር በ2 ሜትር ከ80 ግድግዳ በዚ ልታለብሺው አስበሻል። ባለቤትሽ ምስጥ በገዛ እጅሽ ልታስገቢ ነው ብሎ እምቢ ብሏል፣ ያናገርሽው አናጺ ደሞ በኮላ ለጥፌ በአንድ ቀን እጨርስልሻለሁ ብሎሻል፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለችው እህትሽም እንዳንቺ ማሰራት ትፈልጋለች።

ቁርጡን ልንገርሽ፣ ይሆናል፣ ያውም በጣም ያምራል። በኮላ ግን አይሆንም፣ በአንድ ቀንም አይሆንም። የባለቤትሽ ስጋት ደሞ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ምስጥ ድሬ ላይ ስንት በርና ቁምሳጥን በልቷል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምስጡ ሚመጣው ከጣውላው ጋር ሳይሆን ከወለሉ ስር ከአፈሩ ነው፣ ስለዚ መከላከያውም እዛው ወለሉ ጋ ነው፣ ታች እደርስበታለሁ።

እኔ እዚሁ ድሬ እንጨት ስራና ፊኒሺንግ ነው ምሰራው። በዚ ስራ ላይ ሰው ሁሉ ሚጨነቀው ፊት ለፊት ለሚታየው ነው፣ ቫርኒሹ ምን ይሁን፣ ጠቆር ይበል ነጣ ይበል፣ ቁልቁል ይሁን አግድም። ስራው ሚበላሸው ግን ሁሌ ከጀርባው ነው። እንጨቱ ከዚ በፊት የት ነበር፣ ምን ተቀብቶበታል፣ ከግድግዳው ጋር በምን ተያያዘ፣ ከኋላው አየር ያገኛል ወይ፣ ወለሉን ይነካል ወይ። እነዚን ካስተካከልሽ የፊቱ ነገር ቀላል ነው፣ እነዚን ከዘለልሽ ደሞ የፈለገ ውድ ቫርኒሽ አያድነውም።

ከአያትሽ ጣውላ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም ውድ ያለሽ እሱ ነው። ከዚራ ከሃዲዱ ጋር የተቆረቆረ ሰፈር ነው፣ ባቡሩ ድሬ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ነው፣ የዛ ሰፈር የድሮ ቤት ኮርኒስ ብዙ ጊዜ ቀጭንና ደረቅ፣ በደንብ የተላገ ጣውላ ነው። ከቆርቆሮ ስር በዚ ሙቀት ስንት ዘመን የኖረ እንጨት አብዛኛውን መኮማተርና መጣመም ጨርሷል፣ አዲስ ጣውላ በምንም ዋጋ ብትገዢ ይሄን ጠባይ አታገኚበትም። ምን አይነት እንጨት እንደሆነ ለማወቅ ማይታይ ጠርዝ ላይ በመላጊያ ትንሽ ፋቅ አድርጊና አሽትቺው፣ የተቀረጸ እርሳስ አይነት ሽታ ካለውና ውስጡ ቀላ ካለ ጽድ ነው፣ ጽድ ደሞ በተፈጥሮው ምስጥ ማይደፍረው እንጨት ስለሆነ እድለኛ ነሽ። ፈካ ያለ ቢጫ ሆኖ ሽታም ጌጥም ከሌለው ዝግባ ሊሆን ይችላል፣ ዝግባ ለስራ ደስ ይላል ግን ነቀዝም ምስጥም ይወደዋል፣ መድሃኒት ያስፈልገዋል። በጅቡቲ በኩል የገባ የውጭ ጥድም (ፓይን ሚሉት፣ ከአገራችን ጽድ የተለየ ነው) ሊሆን ይችላል፣ አንጓው ብዙ ከሆነና ሙጫ ሙጫ ካለሽ እሱ ነው፣ እንደ ዝግባው ቁጠሪው።

አሁን አንድ ነገር በጣም አስጠነቅቅሻለሁ፣ ቤት ውስጥ ልጆች እንዳሉሽ ስለጻፍሽ። ኮርኒሱም መዝጊያውም ላይ አሮጌ የዘይት ቀለም አለ ብለሻል። የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባለው ከባድ ብረት ሊኖር ይችላል፣ አገራችን ቀለም ውስጥ ያለውን የሊድ መጠን በደንብ የገደበችው በፈረንጆቹ 2018 ነው፣ ከዛ በፊት የተቀባ ነገር ሁሉ ሊኖርበት ይችላል ብለሽ ነው ማሰብ ያለብሽ። ቀለሙ ተቀብቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብዙም አያስቸግርም፣ ጣጣው ሚመጣው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቂው ወይ በእሳት ስታቃጥዪው ነው፣ አቧራውና ጭሱ ሰውነት ውስጥ ይገባል፣ የህጻናትን አእምሮ ይጎዳል፣ ለነፍሰጡርም አደገኛ ነው። ስለዚ በግራይንደር አቧራ እያስነሳ የሚፍቅ ሰው ግቢሽ ውስጥ እንዳይጀምር። የሚላቀቀውን ቅርፊት ብቻ እያረጠብሽ በመቧጠጫ አንሺ፣ ስር ላስቲክ አንጥፊ፣ ማስክ አርጊ፣ ቅርፊቱን ሰብስበሽ ቋጥረሽ ጣይው እንጂ ለከሰል ማቀጣጠያ እንዳይውል፣ ከዛ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገሽ የቀረውን ቀለም በሁለት እጅ ቫርኒሽ አሽጊው። የተላጠ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለም ያለበት ጣውላ ሲታሸግ እንዴት እንደሚያምር ስታዪው ነው ምትረጂኝ፣ ሙሉ በሙሉ ፍቀሽ አዲስ ካስመሰልሽውማ ሱቅ ሄደሽ አዲስ ጣውላ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር። ከመጅሊሱ ጀርባ ሰው ሚደገፍበት ወይ ህጻን እጁ ሚደርስበት ከፍታ ላይ ግን ይሄን ቀለም ያለበትን አታድርጊ፣ እላይ ይሁን።

መዝጊያዎቹን እባክሽ አትቁረጫቸው። ሰው ሁሉ በሰያፍ የተደረደሩትን ቀጫጭን ጣውላዎች ነቅሎ ለግድግዳ ሊጠቀምባቸው ይፈልጋል፣ ሲነቀሉ ግማሹ ይሰነጠቃል የተረፈውም ለምንም አይሆንም። ሙሉውን እንዳለ ማጠፊያውንም ሳትነቅዪ ግድግዳው መሃል ላይ ከፍ አድርገሽ ትከዪው፣ ዙሪያውን ጣውላው ይሂድ። አቧራ ይይዛል እውነት ነው፣ በቀለም ብሩሽ በየሳምንቱ ይጸዳል። የአያትሽን ቤት ያየ ሰው ሁሉ መዝጊያውን ነው ሚያውቀው፣ ተራ ጣውላውን ማን ያስታውሰዋል።

ፓሌት ላይ ብዙ ማወቅ ያለብሽ አለ። ከደረቅ ወደቡም ከኢንዱስትሪ ፓርኩም አካባቢ ሚወጣ ፓሌት ድሬ ላይ አይጠፋም፣ ግን ሁሉም ፓሌት ቤት ውስጥ አይገባም። ከውጭ ጭነት ጋር የገባ ፓሌት ጎኑ ላይ የተተኮሰ ማህተም አለው፣ የስንዴ ዛላ የመሰለ ምልክት፣ የአገር ኮድ፣ ቁጥር፣ ከዛ ሁለት የላቲን ፊደል። ይሄ አይኤስፒኤም 15 ሚባለው አለም አቀፍ ደንብ ነው፣ ተባይ በእንጨት እቃ ከአገር አገር እንዳይዞር የወጣ። ፊደሎቹ ኤችቲ (HT) ከሆኑ እንጨቱ በሙቀት ነው የታከመው፣ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ደርሶ ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይቷል ማለት ነው፣ እሱን ግዢ። ኤምቢ (MB) ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ የታጠነ ነው፣ ጋዙ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ከአብዛኛው አገልግሎት እንዲወጣ የተደረገ ነው፣ ሳሎንሽ ውስጥ ምን ያደርግልሻል፣ ተይው። ማህተም የሌለው ደሞ ብዙ ጊዜ እዚሁ የተሰራ ነው፣ መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን አልታከመም ማለት ነው፣ ራስሽ መርምረሽ ራስሽ ታክሚዋለሽ። በማንኛውም አይነት ግን ዘይት የጠጣ፣ የማዳበሪያ ወይ የጸረ ተባይ ሽታ ያለው፣ ምንነቱ ማይታወቅ ነገር የፈሰሰበት ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ቢያሳምርም አይሆንም፣ እንጨት የጠጣውን ነገር በሙቀት ጊዜ መልሶ ያወጣዋል፣ የድሬን ሙቀት ደሞ ታውቂዋለሽ። እና ኤችቲ ማለት ያኔ የነበረው ተባይ ሞቷል ማለት ነው እንጂ ወደፊት አይበላም ማለት አይደለም፣ ሻጩ እንደዛ ብሎ እንዳያታልልሽ።

በነገራችን ላይ የባቡር ሃዲድ እንጨት ነው ብሎ ወፍራም ጥቁር እንጨት ሚሸጥልሽ ሰው ካጋጠመሽ እለፊው። የሃዲድ እንጨት ውጭ ዝናብና ምስጥ እንዲችል ብዙ ጊዜ ክሪኦዞት በሚባል የሬንጅ ዘመድ ነው ሚነከረው፣ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ የተመዘገበ ነገር ነው፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም።

ምን ያህል ፓሌት ልግዛ ላልሽው፣ ግድግዳሽ 11.2 ካሬ ነው፣ ባገለገለ እንጨት ሲሰራ የተሰነጠቀና የተጣመመ ስለሚጣል ሩቡን ጨምሪበት፣ 14 ካሬ ያዢ። ባለ 1 ሜትር ከ20 በ80 ፓሌት የላይኛው ፊቱ ላይ ያሉት ጣውላዎች ተደምረው ሦስት አራተኛ ካሬ አካባቢ ናቸው፣ ጫፉ ሲቆረጥ ንጹህ ሚወጣልሽ ግን ግማሽ ካሬ ገደማ ነው። የአያትሽ ጣውላ ግማሹን ከሸፈነልሽ የቀረው 7 ካሬ ነው፣ 14 ወይ 15 ፓሌት ማለት ነው። ጣውላውን በጉጠትና በመዶሻ አስገድዶ መንቀል አያዋጣም፣ የፓሌት ሚስማር ጠመዝማዛ ስለሆነ ጣውላው ቀድሞ ይሰነጠቃል፣ በጣውላውና በተሸካሚው መሃል የብረት መጋዝ አስገብተሽ ሚስማሩን ማስቆረጥ ነው፣ የሚስማሩ ጭንቅላት ጣውላው ላይ ይቀር፣ ያምራል። ከዛ ወደ መላጊያ ማሽን ከመሄዱ በፊት ግን የተበላሸ ስፒከር ማግኔት ውሰጂና እያንዳንዱ ጣውላ ላይ አሳልፊው፣ የተደበቀ ሚስማር ካለ ይይዘዋል። አንድ ሚስማር የማሽን ቢላ ያበላሻል፣ ባለማሽኑም እንደዚ አይነት እንጨት ዳግመኛ አይቀበልሽም።

ወደ ተባዩ። ሁለት ነገር ለይተሽ እዪ። ነቀዝ ሚባለው እንጨቱ ውስጥ ሚኖረው ነው፣ ምልክቱ እንደ መርፌ ጫፍ ወይ ትንሽ ከፍ ያለ ክብ ቀዳዳና ከሱ ሚወርድ ዱቄት ነው። ቀዳዳው ጠቁሮ ዱቄት ከሌለው የድሮ ነው፣ ነቀዙ ወጥቶ ሄዷል፣ ውስጡ ገርጣ ብሎ ዱቄቱ አዲስ ከሆነ ግን አሁንም አለ። ለማረጋገጥ ጣውላውን ጥቁር ፌስታል ላይ አስተኝተሽ ለተወሰኑ ሳምንታት ተዪው፣ ዱቄት ከወደቀ ገና አልለቀቀም። እንደዛ አይነት ጣውላ ብዙ ከሆነ አትጠቀሚው፣ አንድ ሁለት ከሆነ ለይተሽ አክሚው። ምስጥ ደሞ ሌላ ነው፣ በጭቃ መተላለፊያ እየሰራ ከመሬት ነው ሚወጣው፣ ወለልና ግድግዳ ሚገናኝበት ስንጥቅ ነው መንገዱ።

እዚ አካባቢ ሁሉም አናጺ ሚነግርሽ መድሃኒት አንድ ነው፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀቢበት ይልሻል። ለአጥር እንጨት ይሁን እሺ፣ ለሳሎን ግን በፍጹም። ሽታው አይለቅም፣ ቫርኒሽ አይዝበትም፣ ልብስ ያበላሻል፣ ለሰውነትም ጥሩ አይደለም፣ እሳትም ይጋብዛል። እኔ ምመክርሽ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው፣ ሁለቱ ሲቀላቀሉ በሙቅ ውሃ በደንብ ይሟሟሉ፣ ቀለም በሌለው በደረቅ እንጨት ላይ ፊትና ጀርባውን በተለይ የተቆረጠውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ቀቢና ይድረቅ። አይተንም፣ አይሸትም፣ እንጨቱ ውስጥ ይቀራል፣ ሚያጥበው ውሃ ስለሆነ ለውጭ አይሆንም እንጂ ለቤት ውስጥ በጣም ጥሩ ነው። ስትቀቢ ጓንት አርጊ፣ ልጆች አይጠጉ፣ የተረፈውን በውሃ ወይ በለስላሳ ጠርሙስ እንዳታስቀምጪው። ጸሃይ ላይ ላስቲክ አልብሶ ማሞቅም ቀጭን ጣውላ ላይ ይረዳል፣ ብቻውን ግን አይታመንም።

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ሳሎን ውስጥ አስገቢውና በመሃሉ አየር እንዲያልፍ ቁርጥራጭ እያስገባሽ ደርድረሽ ሁለት ሦስት ሳምንት ይክረም። ውጭ የተቀመጠ ፓሌት እርጥበት አለው፣ ቀጥታ ከተመታ ግድግዳው ላይ እያለ ነው ሚኮማተረው፣ እንጨት በቁመቱ ብዙም አይቀንስም በስፋቱ ነው ሚቀንሰው፣ ያኔ በየመሃሉ ክፍተት ይወጣል ወይ ሚስማሩ ጋ ይሰነጠቃል። አናጺው በአንድ ቀን ያለሽ ይሄን ስለዘለለው ነው።

ኮላውንስ ለምን አልወደድከውም ካልሽ፣ መጀመሪያ ጣውላው ሲንቀሳቀስ ኮላው ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛ ከጀርባ አየር የለም፣ ግድግዳው ያላበውን እርጥበት እንጨቱ ይጠጣዋል። ሦስተኛውና ዋናው ምስጥ ቢመጣ ከጀርባው ገብቶ ሲበላ ምንም አታዪም፣ ፊቱ ደህና ሆኖ አንድ ቀን በጣትሽ ስትነኪው ይገባል፣ ያኔ ደሞ መንቀል ማለት ግድግዳ ማፍረስ ነው። ብሎን ከሆነ ግን ሁለት ጣውላ ፈትተሽ አይተሽ መመለስ ነው።

ስለዚ በሞራሌ ነው ሚሰራው፣ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ሚታሰረውና ጣውላውን ሚሸከመው ቀጭን እንጨት ማለቴ ነው። ከዛ በፊት ግድግዳውን ፈትሺ፣ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገሽ ከታች በኩል ለጥፊና አንድ ሁለት ቀን ተይው፣ ከስሩ ላብ ከያዘ ወይ ልስኑ ከጠቆረ ግድግዳው እርጥብ ነው፣ ምንጩ ሳይገኝ እንዳትጀምሪ። ጀርባው ሻወር ቤት ከሆነ ብዙ ጊዜ ቧንቧው ነው። ይሄን ለሌሎችም ልበል፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያላችሁ፣ በ1998ቱ ጎርፍ ውሃ የገባበት ቤት ያላችሁ፣ የግድግዳው እግር ነጭ ጨው እያወጣ ልስኑ ሚረግፍ ከሆነ እንጨት አልብሳችሁ አትደብቁት፣ ከውስጥ ይብሳል።

ደረቅ ከሆነ ሞራሌውን ቁልቁል አቁሚ፣ በየ50 ሳንቲሙ፣ 4 ሜትር ላይ 9 ይሆናል፣ ጣውላው በሱ ላይ አግድም ይሄዳል። ሞራሌው ቁልቁል ከሆነ አየሩ ከታች ገብቶ ከላይ ይወጣል፣ ለዚ ነው አግድም አድርገው ሲመቱት ማልወደው። ሞራሌው ደረቅ ይሁን፣ ከገበያ ዛሬ የተገዛ እርጥብ ባህር ዛፍ ይጣመምና ጣውላውን ሁሉ ይዞት ይጣመማል፣ መድሃኒቱም በደንብ ይቀባ፣ ማይታየው እሱ ስለሆነ። ክብደቱን አትናቂው፣ 2 ሳንቲም ውፍረት ያለው ጣውላ 11 ካሬ ላይ የውጭ ጥድ ከሆነ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ ባህር ዛፍ ከገባበት ወደ 180 ኪሎ ይጠጋል። ግድግዳሽ ብሎኬት ስለሆነ ውስጡ ክፍት ነው፣ አጭር ፊሸር (ብሎን ሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) ቀዳዳው ውስጥ ይሽከረከራል፣ 8 ሚሊ ረጅሙን ተጠቀሚ፣ በየ50 ሳንቲሙ አንድ፣ ከተቻለ ብሎኬቱና ብሎኬቱ ሚገናኝበት ሲሚንቶው ላይ ይግባ። ግድግዳ ቀጥ ያለ መስሎሽ አትመኚ፣ ቱንቢ ጣይና ጎድጎድ ያለበት ጋ ከሞራሌው ስር ስስ ቁርጥራጭ አስገብተሽ አስተካክዪ።

አሁን ባለቤትሽን ሚያሳምነው ነገር። ከሴራሚኩ ዞኮሎ (የግድግዳው እግር ላይ ከተለጠፈው ጠርዝ) በላይ ጀምሪ፣ ሞራሌውም ጣውላውም ወለሉን አይንካ፣ ከወለሉ 10 ሳንቲም ያህል ባዶ ይሁን። ያ ክፍተት ማለት ምስጥ ወደ እንጨቱ ለመውጣት በግልጽ ሚታይ የጭቃ መንገድ መስራት አለበት ማለት ነው፣ መጅሊሱን በወር አንዴ ስቢና በባትሪ ስሩን እዪ፣ ጭቃ ካየሽ ያኔውኑ ከወለሉ ስንጥቅ ጀምሮ ይታከማል። ዞኮሎና ወለሉ መሃል ያለውን ስንጥቅም ከስራው በፊት በሲሚንቶ ዝጊው። ከላይ ኮርኒሱ ጋ ደሞ አንድ ሳንቲም ተዪ። ሰዎች ይሄን ክፍተት እንጨት ጠርዝ አርገው ይዘጉታል ጥሩ አይመስልም ብለው፣ መጅሊሱ ስለሚሸፍነው ላንቺ ማንም አያየውም።

አደራደሩን በውሃ ልክ ከታች ጀምሪ፣ የመጀመሪያው ጣውላ ትንሽ ከተዛባ እላይ ስትደርሺ ብዙ ሆኖ ነው ሚታየው። በጣውላና በጣውላ መሃል አንድ ሁለት ሚሊ ተዪ። ሰው ጀርባውን ሚያስደግፍበት ከታች እስከ አንድ ሜትር ከ20 ያለው ቦታ ላይ በጣም የለሰለሰውን ጣውላ ተጠቀሚ፣ ፓሌቱን ያላግሽው ከሆነ እሱን፣ ከአያትሽም ቀለም የሌለው ካለ እሱን፣ በርጫ ላይ አምስት ስድስት ሰአት ተደግፎ ሚቀመጥ ሰው በስንጥር ሸሚዙን ሊቀድ አይገባም። ሻካራውም ባለቀለሙም ከዛ በላይ። ፎቶ ላይ ሚታየው አንዱ ወጣ አንዱ ገባ ያለ አደራደር ያምራል ግን ለኛ አቧራ አይሆንም፣ እያንዳንዱ ጠርዝ መደርደሪያ ይሆንና በየቀኑ መጥረግ ነው፣ ፊቱ እኩል ይሁን።

ቫርኒሹ ሚያብረቀርቀውን ተይው፣ ውሃ ላይ የተሰራ ማት ቫርኒሽ ካገኘሽ በጣም ጥሩ፣ አይሸትም ቶሎ ይደርቃል። የተልባ ዘይት ከወደድሽም ቀለም በሌለው ጣውላ ላይ ያምራል፣ ግን አደራ፣ ዘይቱን የጠረግሽበትን ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ ላይ እንዳትጥይው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፣ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊነድ ይችላል፣ በኛ ሙቀትማ ይብሳል። ውጭ ዘርግተሽ አድርቂው ወይ ውሃ ውስጥ ንከሪው።

እሳት ካነሳን፣ ጊርጊራው (የእጣን ማጨሻው) እና የቡናው ከሰል ከዚ ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር። ግድግዳው ላይ ያሉት ሶኬቶችም ከእንጨቱ ጀርባ አይቀሩ፣ ሳጥናቸው እስከ ጣውላው ፊት ወጥቶ ይገጠም፣ የሽቦ መገጣጠሚያ እንጨት ስር መደበቅ ክልክል ነው በይ ለኤሌክትሪሺያኑ፣ ፊሸር ከመበሳቱ በፊትም ሽቦው በየት በየት እንደሚያልፍ ምልክት ያድርግልሽ፣ ስራው ላይ ቆጣሪው ይጥፋ።

አንድ ግድግዳ ብቻ ነው ማሰራት ያለብሽ፣ ሁሉንም ላልብሰው የሚለውን ሃሳብ አልወደድኩትም። ድሬ ላይ ቀን ቀን መስኮት ዘግተን መጋረጃ ጥለን ነው ምንውለው፣ አራቱም ግድግዳ እንጨት ከሆነ ክፍሉ ይጨልማል ይጠባል። ሦስቱን ነጭ ወይ ክሬም አድርጊ። ቤቱን ያቀዘቅዛል ወይ ላልሽው ደሞ፣ ግድግዳው ምዕራብ ሚያይ ከሆነ ከሰአት ሚተፋው ሙቀት በክፍተቱ ምክንያት ወደ ጀርባሽ ትንሽ ይቀንሳል፣ ከዛ በላይ አትጠብቂ፣ ቬንትሌተሩን አይተካም።

ለሐረሯ እህትሽ ግን መልሴ ሌላ ነው። ጀጎል ውስጥ ያለው ቤቷ የድሮው የሐረሪ ቤት ከሆነ ግድግዳውን እንጨት አታልብሰው። ድንጋይና ጭቃ ነው፣ እርጥበቱን በፊቱ ነው ሚያወጣው፣ ሲሸፈን ልስኑም እንጨቱም ይበሰብሳል፣ ፊሸርም በጭቃ ውስጥ አይዝም። ከዛ በላይ ደሞ ያ ግድግዳ ባዶ አይደለም፣ ነደባው (የመቀመጫ መደቡ) አለ፣ ግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት መደርደሪያዎች አሉ፣ ስፌቱና ሳህኑ ሚሰቀልበት ቦታ አለ፣ ቤቱ ራሱ ሲሰራ ጌጡን ይዞ ነው የተሰራው። ጀጎል ከ1998 ዓ.ም ጀምሮ ዩኔስኮ የመዘገበው ቅርስ ስለሆነም ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጓ በፊት ቅርስ ቢሮ ሄዳ ትጠይቅ። አሮጌ እንጨት ከወደደች በር፣ ሳጥን፣ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ታሰራበት። እንጨት ቤት ማየት ካማራት ደሞ እዛው አጠገቧ የፈረንሳዩ ገጣሚ የራምቦ ቤት ሚባለው ሙዚየም አለላት፣ ነጋዴ ህንዳዊ ያሰራው ነው ሚባለው፣ ገብታ ኮርኒሱን ቀና ብላ ትየው። ቤቷ አዲስ ብሎኬት ከሆነ ላንቺ ያልኩት ሁሉ ለሷም ይሰራል። ብቻ ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ቀዝቀዝ ስለምትል ከሷ ወዳንቺም ካንቺ ወደሷም ሚሄድ እንጨት መጀመሪያ ክፍሉ ውስጥ ሳምንታት ይክረም።

ዋጋ አልጻፍኩልሽም፣ ዛሬ ብጽፈው በሚቀጥለው ወር ስለሚቀየር። ግን ከአናጺ ጋር ስትዋዋዪ በካሬ ብቻ አትዋዋዪ፣ ሚስማር መንቀሉ፣ ማጽዳቱና መድሃኒቱ ከመምታቱ የበለጠ ቀን ስለሚወስድ ለየብቻ አስጽፊው፣ አለዚያ እሱን ዘሎ ወደ መምታቱ ይሄዳል።

ሁለት ነገር ንገሪኝ፣ ከዛ ግድግዳ ጀርባ ያለው ምንድነው፣ ውጭ ነው መኝታ ነው ወይስ ሻወር ቤት። እና ከአያትሽ ጣውላ ላይ ማይታይ ጠርዝ ፍቀሽ ሽታውንና ቀለሙን ጻፊልኝ። እነሱን ሳላውቅ የሞራሌ ውፍረት ልነግርሽ አልችልም፣ ፓሌቱንም እስከዛ አትግዢ።